7 ፊደል ነው ወይስ ቁጥር?
ስለ ወላይትኛ ጽሕፈትና ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም የቀረበ አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

የአንድ ሕዝብ ቋንቋ በምን ፊደል ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ መልሱን የሚሰጡት ሁለት ወገኖች እንደ ሆኑ ብዙ ጊዜ ይነገራል። አንደኛው መንግሥት ነው፤ ሁለተኛው ቋንቋውን የሚናገረው ሕዝብ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንፈልገው ሦስተኛ ወገን መኖሩን ነው፤ እርሱም የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው ነው። ይህ ሰው ዐዋጅ አያወጣም፤ በአደባባይም አይታወቅም። ነገር ግን በመኪናው ውስጥ የደነገገው ሥርዓት ኀይሉ ከዐዋጅ አያንስም።

ፕሮግራም ማለት ለኮምፒዩተር የሚሰጥ፣ በቅደም ተከተል የተጻፈ ትእዛዝ ነው። መኪናው ትእዛዙን ይፈጽማል እንጂ አያመዛዝንም። ስለዚህ ጸሐፊው ያላሰበው ቋንቋ በመኪናው ዘንድ እንደሌለ ይቈጠራል። ይህንንም ነገር በንድፈ ሐሳብ ብቻ ከመናገር ይልቅ በአንድ አገር ታሪክ መመርመር የተሻለ ሆኖ ስላገኘነው ወላይታን መርጠናል። ምክንያታችንም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ወላይትኛ በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ አፍ የፈቱበት ሰዎች ያሉት ቋንቋ ነው። ሁለተኛ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከግዕዝ ፊደል ወደ ላቲን ፊደል የተሻገረ ስለ ሆነ፣ የሦስቱም ወገኖች ሥራ በእርሱ ላይ ጐልቶ ይታያል።

ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

ከማተሚያ እስከ ጽሕፈት መኪና

የግዕዝ ፊደል ከመኪና ጋር የተዋወቀው በአገሩ ሳይሆን በውጭ አገር ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ የግዕዙን መዝሙረ ዳዊት በሮም ከተማ ያሳተመው በ1513 ነበረ። በአገራችን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. መሆኑ ሲታሰብ፣ በሁለቱ መካከል አራት መቶ ዓመት ያህል አልፏል ማለት ነው።

ለማተሚያ ቤት የፊደላችን ብዛት ያን ያህል ችግር አልነበረም፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ እርሳስ ማዘጋጀት ይበቃል። ችግሩ የመጣው በጽሕፈት መኪና ነው። ዋናዎቹ ፊደሎቻችን 33 ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ሰባት ቅርጽ ስላላቸው ድምሩ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ገና አልተቈጠሩም። የጽሕፈት መኪና ግን በአውሮፓውያን ፊደል ልክ የተሠራ በመሆኑ መቶ ያህል ምልክት እንኳ ለመያዝ ይቸገራል። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና በማዘጋጀት ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩና ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ሠሪዎች የተጋፈጡት ይህንን ነው። መፍትሔ ሆኖ የተገኘውም የፊደሉን አካል አንድ ጊዜ፣ ቅጥያውን ሌላ ጊዜ መምታት ነበረ። እግሩና ቀለበቱ ከአካሉ ጋር በደንብ ስለማይገጥም፣ በጽሕፈት መኪና የተጻፈ ደብዳቤ በእጅ ከተጻፈው ይልቅ ለዓይን የማይመች ሆኖ ቈየ።

በዚያን ጊዜ ከተማሩት ሰዎች አንዳንዶቹ ፊደሉ ለመኪናው እንዲመች ይሻሻል አሉ፤ ሌሎቹ መኪናው ለፊደሉ ይሻሻል አሉ። የክርክሩ ፍሬ ነገር በኮምፒዩተርም ዘመን አልተለወጠም፤ ሰው ለመኪና ይገዛ ወይስ መኪና ለሰው ይገዛ የሚል ነው።

ፊደሉ ወደ ኮምፒዩተር የገባበት መንገድ

ኮምፒዩተር ፊደልን በፊደልነቱ አያውቅም፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የተሰጠውን ቍጥር ብቻ ያውቃል። በ1963 አሜሪካኖች አስኪ የተባለውን የቍጥር ሠንጠረዥ ሲደነግጉ በውስጡ የነበረው ቦታ 128 ብቻ ነበረ። ለእንግሊዝኛ ይበቃል፤ ለእኛ ግን ግማሹን እንኳ አይሸፍንም።

በ1980ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ግድግዳ ለመጣስ ተነሡ። በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት አቶ ፍስሐ አጥላው በአማርኛ የሚጽፍ ፕሮግራም አዘጋጁ። የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላም ሞድኤት የተባለውን ፕሮግራም አወጡ። ከእነርሱ በኋላ አጋፋሪ፣ ዋሽራ፣ ብራና፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ የሚባሉት ተከታተሉ። እነዚህ ሁሉ ለአገር ጠቅመዋል። ነገር ግን አዘጋጆቹ ለፊደሎቹ የሰጡት ቍጥር የየራሳቸው ነበረ። በአንደኛው የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጕም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። አንድ መሥሪያ ቤት የላከውን ሌላው መሥሪያ ቤት ማንበብ አልቻለም። ፊደሉ አንድ ሆኖ ሳለ ፕሮግራሞቹ ከፋፈሉት።

በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለውን ሥርዓት አቀረቡ። ይህ ሥርዓት የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደል ወክሎ በኢሜይል ለመላክ የሚረዳ ነው። የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል በመለየት «ተ»ን ከ«ጠ» እንዳይምታታ አድርጓል። ሆኖም ይህ ድልድይ ነበረ እንጂ ቤት አልነበረም።

ቤቱ የተሠራው በዩኒኮድ ነው። የዜሮክስ ባለሙያ የነበረው ጆ ቤከር የዓለምን ፊደሎች ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ የማስፈር ሐሳብ ያቀረበው በ1988 ነበረ። የመጀመሪያው የዩኒኮድ እትም በ1991 ሲወጣ የግዕዝ ፊደል በውስጡ አልነበረም። ብዙ ክርክርና ደብዳቤ ካለፈ በኋላ በመስከረም ወር 1999 በወጣው በሦስተኛው እትም 345 የግዕዝ ምልክቶች ገቡ። ከዚያ ወዲህ ማናቸውም ኮምፒዩተር «ለ»ን በአንድ ቍጥር ያውቃታል። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ወጣ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ፊደላችን ወደ ሠንጠረዡ የገባው ኩባንያዎቹ ስላዘኑልን አይደለም፤ ሠንጠረዡ በሚዘጋጅበት ጊዜ ከጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡ፣ ጕዳዩን የሚያውቁና የሚከራከሩ ሰዎች ስለ ነበሩን ነው።

በዚያው ዘመን በወላይታ

አሁን ወደ ወላይታ እንመለስ። በ1894 የካዎ ጦና መንግሥት በምኒልክ ጦር ከወደቀ በኋላ፣ በወላይታ የመንግሥትና የቤተ ክህነት ጽሕፈት በአማርኛና በግዕዝ ሆነ። በ1928 የሱዳን ኢንቴሪየር ሚስዮን ሰዎች ሶዶ ደርሰው ሥራ ጀመሩ፤ የሃይማኖት ትምህርት በሕዝቡ ቋንቋ መሰጠቱ ለወላይትኛ ጽሕፈት መንገድ ከፈተ። በ1979 ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ወላይትኛ ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። ሁሉም በግዕዝ ፊደል ይጻፉ ስለ ነበረ፣ የዚያ ዘመን የወላይታ ገበሬ ቋንቋውን ማንበብ የተማረው በ«ሀ ሁ» ነው። አዲስ ኪዳን በወላይትኛ የተተረጐመውም በ1981 ነበረ።

ከ1991 የመንግሥት ለውጥ በኋላ ወላይትኛ የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆነ፤ ፊደሉም ወደ ላቲን ተለወጠ። ለለውጡ የቀረበው ማስረጃ ክብደት አለው። ወላይትኛ አምስት አናባቢዎች ሲኖሩት እያንዳንዱ አጭርና ረጅም ይሆናል፤ ተነባቢውም ይጠብቃል፣ ይላላል። የግዕዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፉ ርዝመትንና ጥብቀትን አያሳይም፤ ላቲኑ ግን ፊደሉን በመደጋገም ያሳያል።

ቀጥሎ የመጣው ጕዳይ ግን የፊደል ብቻ አልነበረም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተቀላቅለው «ወጋጎዳ» የሚል ስም ተሰጣቸው፤ ስሙ የተሠራው ከአራቱ ስሞች የመጀመሪያ ድምፆች ነው። በዚሁ የተቀላቀለ ቋንቋ የትምህርት መጻሕፍት ተዘጋጁ። የወላይታ ሕዝብ ቋንቋችን አይደለም ብሎ እምቢ አለ። በኅዳር ወር 1999 በሶዶ ተቃውሞ ተነሣ፤ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻም መጻሕፍቱ ተነሡ። በ2000 የሰሜን ኦሞ ዞን ተከፋፍሎ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

አንባቢ እዚህ ላይ ሁለቱን ቀኖች ያስተያይ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተመዘገበው በመስከረም 1999 ነው፤ የሶዶ ሕዝብ ለቋንቋው የተነሣው በኅዳር 1999 ነው። በመካከላቸው ያለው ሁለት ወር ብቻ ነው። በአንደኛው ጕባኤ ስለ ፊደል ቍጥር ይነጋገሩ ነበረ፤ በሌላው አደባባይ ስለ ቋንቋ ህልውና ሰው ይሞት ነበረ። ሁለቱ አይተዋወቁም ነበረ። ወላይታ በሶዶ አደባባይ ድል አደረገ፤ ከጠረጴዛው ግን አልተቀመጠም። የዚህ ውጤት ቀጥሎ ይታያል።

የሦስተኛው ወገን ውሳኔ

የዓለም ቋንቋዎች በሙሉ በኮምፒዩተር ዘንድ የሚታወቁበት የሦስት ፊደል ምልክት አላቸው። የወላይትኛ ምልክት «ደብልዩ-ኤ-ኤል» ነው። ይህ ምልክት በዓለም አቀፉ መዝገብ ሲገባ ከጎኑ የተጻፈው፣ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን ይሠራበት የነበረውና ሕዝቡ የማይቀበለው የድሮ ስም ነበረ። በኋላ ተስተካክሏል። ምልክቱ ከሁለቱም ስሞች ጋር ስለሚስማማ ለውጡ ብዙ ሰው ሳያውቀው አለፈ።

ሁለተኛው ምሳሌ የሚገርም ነው። የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች የየአገሩን የቀንና የወር ስም የሚያገኙበት መዝገብ አላቸው። የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ለዚህ መዝገብ ያዘጋጀው ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የሚባለው ማኅበር ሲሆን፣ ወላይትኛንም አልረሳም፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን በመዝገቡ የሰፈሩት የቀኖች ስሞች፣ ሳይኖ፣ ማቆሳኛና ሌሎቹም፣ የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። የሶዶ ልጅ በትምህርት ቤት የቀኖችን ስም በላቲን ይማራል፤ ኮምፒዩተሩን በወላይትኛ ንገረኝ ቢለው ግን በግዕዝ ፊደል ይመልስለታል። ለአባቱ ይመቸው ይሆናል፤ ለልጁ ግን እንግዳ ነው።

ወጋጎዳም ቢሆን ከታሪክ መዝገብ ፈጽሞ አልጠፋም። በ2010 በወጣው ስድስተኛው የዩኒኮድ እትም ለተጨማሪ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የግዕዝ ፊደሎች ሲጨመሩ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ በአንድ አርእስት ተጣምረው ገብተዋል። ሕዝቡ በአደባባይ የለያቸውን ስሞች ሠንጠረዡ አጣምሮ አኖራቸው።

ወደ አርእስታችን የምንደርሰው አሁን ነው። በወላይትኛ የጉሮሮ ድምፅ አለ፤ አየሩ በጉሮሮ ውስጥ ለቅጽበት ተይዞ የሚለቀቅ ነው። በግዕዝ ፊደል ይህ ድምፅ በ«አ» ቤት ይጻፋል፤ ስለዚህ ራሱን የቻለ ፊደል ነበረው። በላቲኑ አጻጻፍ ግን የተሰጠው ምልክት 7 ነው። «ሕይወት» የሚለው ቃል ዲ-ኢ-7-ኦ ተብሎ ይጻፋል። «አሁን» የሚለው ደግሞ ኤች-ኤ-7-7-አይ ነው።

ለሰው ዓይን ይህ ችግር የለውም። ልጅ በአንደኛ ክፍል ይማረዋል፤ ከዚያ በኋላ አያሳስበውም። 7 በማናቸውም መኪና ላይ ስለሚገኝ ልዩ ፎንትም አይፈልግም። ለፕሮግራሙ ግን 7 ቍጥር ነው። በዚህም ምክንያት የሚከተሉት ይሆናሉ።

በመጀመሪያ፣ ጽሑፍን ለጥናት የሚያጣራ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ «ቍጥሮችን አስወግድ» የሚል ትእዛዝ አለው። በዚህ ትእዛዝ «አሁን» የሚለው ቃል ሁለት ተነባቢዎቹን ያጣል፤ «ሕይወት» የሚለውም መካከሉ ይጎድላል። በሁለተኛ ደረጃ፣ የአጻጻፍ ስሕተት የሚያርሙ ታዋቂ ፕሮግራሞች ቍጥር የተቀላቀለበትን ቃል ሳይመረምሩ እንዲያልፉ ሆነው የተዘጋጁ ናቸው፤ ስለዚህ ለወላይትኛ አራሚ ቢሠራ እንኳ እነዚህን ቃላት ዘሎ ይሄዳል። በሦስተኛ ደረጃ፣ ኮምፒዩተር ቃላትን ሲደረድር ቍጥርን ከፊደል ስለሚያስቀድም የመዝገበ ቃላቱ ተራ ይፋለሳል። በአራተኛ ደረጃ፣ 7 ትልቅና ትንሽ ቅርጽ የለውም። በመጨረሻም፣ በስልክ የሚጽፍ ሰው ለዚህ አንድ ድምፅ ብሎ ከፊደሉ ገጽ ወደ ቍጥሩ ገጽ መሻገር አለበት። ሲሰለቸው 7ን ይተወዋል፤ የሚተውትም ሲበዙ ድምፁ ከጽሕፈት ይጠፋል። ለዚህ ነው የፕሮግራም ጸሐፊው ውሳኔ እንደ ዐዋጅ ነው ያልነው።

ሌሎች ሕዝቦች ምን አደረጉ?

ይህ ችግር የወላይታ ብቻ አይደለም። በ1991 የላቲንን ፊደል የተቀበለው ኦሮምኛ ለዚሁ ድምፅ ከላይ የሚንጠለጠል ጭረት ይጠቀማል፤ ይህንንም ብዙ ፕሮግራሞች ሥርዓተ ነጥብ ነው ብለው ቃሉን ለሁለት ይከፍሉታል። በካናዳ ምዕራብ ጠረፍ የሚኖሩት የስኳሚሽ ሕዝብ እንደ ወላይታ 7ን መርጠዋል፤ የራሳቸውን ስም ሲጽፉ እንኳ 7 በመካከሉ አለ፤ በመንገድ ዳር ሰሌዳዎችም ላይ ተጽፎ ይታያል። ከእነርሱ በስተሰሜን የሚኖሩት የዴኔ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ግን ሌላ መንገድ ሄዱ። ለጉሮሮው ድምፅ ትልቁ ፊደል በ2005፣ ትንሹ በ2006 በዩኒኮድ ተመዘገበላቸው።

ከእነዚህ የትኛው ይሻላል ብለን ለመፍረድ አንደፍርም። አዲስ ፊደል መምረጥ ያለፉትን መጻሕፍት ሁሉ ያስረጃል፤ አዲስ የፊደል ገበታም ይጠይቃል። 7ን ማጽናትም እንደ ስኳሚሽ በኩራት ሊደረግ ይችላል። ነገር ግን ሁለቱም ሕዝቦች የመረጡትን በግልጽ መርጠዋል። ምርጫው ለባለቤቱ ካልተተወ ለባዕድ መተዉ የማይቀር ነው።

የተጀመረው ሥራና የቀረው

በአገራችን ሊቃውንት የተሠራ ነገር የለም ማለት ስሕተት ነው። ወላይትኛ ቃሉን የሚያረባው በመድረሻው ላይ ቅጥያ በመጨመር ስለ ሆነ፣ ቅጥያውን ገፍፎ ሥሩን የሚያገኝ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ለማ ሌሳ በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጥናት በዚሁ ላይ ነበረ። በ2018 የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ወላይትኛን ከእንግሊዝኛ ጋር አጣምረው ለመኪና ትርጕም የሚሆን የጽሑፍ ስብስብ አወጡ። በ2020 ደግሞ ለአማርኛ፣ ለትግርኛ፣ ለኦሮምኛና ለወላይትኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ ለመለወጥ የሚያገለግል የድምፅ ክምችት ቀረበ። እነዚህ መሠረቶች ናቸው።

የቀረው ሥራ ግን ከፍ ያለ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የወላይትኛን የአጻጻፍ ደንብ ለፕሮግራም ጸሐፊ በሚገባ መልክ በአንድ ገጽ ጽፎ ለሁሉ በነጻ ማውጣት ነው። 7 ፊደል እንደ ሆነ፣ ሁለት ሆነው በአንድ ድምፅ የሚነበቡት ፊደሎች የትኞቹ እንደ ሆኑ፣ የመዝገበ ቃላት ተራው ምን እንደ ሆነ በዚያ ይነገር።

ሁለተኛ፣ በዓለም አቀፉ መዝገብ ላይ ወላይትኛን በሁለቱም ፊደል ማስመዝገብ ነው። የኮምፒዩተር ሥርዓት ለአንድ ቋንቋ ሁለት ፊደል መያዝን ይፈቅዳል። በላቲን የተማረው ልጅ የራሱን ያገኛል፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በግዕዝ ፊደል የተማረው አባቱም አይጣልም።

ሦስተኛ፣ ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው የሚገለብጥ ፕሮግራም መሥራት ነው። ከላቲን ወደ ግዕዝ መገልበጥ ቀላል ነው። ከግዕዝ ወደ ላቲን ግን ርዝመትና ጥብቀት ስላልተጻፉ ፕሮግራሙ መዝገበ ቃላት ይፈልጋል፤ ይህን ቋንቋውን ከሚያውቅ ሰው በቀር የሚሠራው የለም። ሲሠራ ግን በዘመቻው ጊዜ የታተሙት መጻሕፍት ለዛሬ ልጆች ይከፈታሉ።

ይህን የሚሠራ ሰው ከየት ይመጣል ለሚለን መልሳችን ቅርብ ነው። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ2007 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በከተማይቱ የኮምፒዩተር ትምህርት ይሰጣል። በ2024 ደግሞ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ፕሮግራም መጻፍ ለማስተማር ዕቅድ ወጥቶ ሥራ ተጀምሯል። ነገር ግን ፕሮግራም መጻፍ የሚማር ተማሪ የሚሠራው መልመጃ በአብዛኛው በሌላ ሰው ቋንቋ የታሰበ ነው። ተማሪው መልመጃውን ከፈጸመ በኋላ በእናቱ ቋንቋ ላይ ቢሞክረው የት ላይ እንደሚሰበር በአንድ ቀን ይረዳል። የምርምር አርእስት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

መደምደሚያ

በ1999 የሶዶ ሰዎች የልጆቻቸው መጽሐፍ በሌሎች ፈቃድ እንዲጻፍ እምቢ ብለዋል። ያን ጊዜ የተጠየቀው ድፍረት ነበረ፤ እነርሱም አላነሡም። አሁን የሚጠየቀው ትዕግሥትና ዕውቀት ነው፤ ይኸውም ሠንጠረዥ ማንበብ፣ ማስረጃ ማዘጋጀት፣ ለማይታወቅ ጕባኤ ደብዳቤ መጻፍ፣ መልስ እስኪመጣም መጠበቅ ነው። የግዕዝን ፊደል ወደ ኮምፒዩተር ያስገቡት ጥቂት ሰዎች የሠሩት ይህንኑ ነበረ።

በመምህራኖቻችንና በጓደኞቻችን ዘንድ ውይይት እንዲነሣ ጽሑፋችንን እዚህ ላይ እንፈጽማለን። 7 በወላይትኛ ፊደል መሆኑን ሕዝቡ ያውቃል፤ የቀረው ለመኪናው መንገር ነው።